የበርሜሉ ጠባቂ

መሥሪያ ቤታችን ከመሬት በታች፣ ድሮ ማዕድን ይወጣበት በነበረ ዋሻ ውስጥ ነው። እዚያ በእርሳስ ብረት የታጠረ፣ አየሩ ተመጥጦ የወጣ የመዳብ በርሜል አለ፤ በርሜሉ ውስጥ ደግሞ ቀጫጭን የሲሊከን ሰሌዳዎች። ጥቁር ቁስ የሚባለው፣ ማንም አይቶት የማያውቅ ነገር፣ እጅግ ቀላሏ ቅንጣቱ ሲሊከኑን ብትነካ አንድ ኤሌክትሮን ታፈናቅላለች ብለን እንጠብቃለን። ጠበቅን፣ ጠበቅን፤ ምንም። ይህን ሁሉ ተምሮ ምንም ላለማየት ደመወዝ የሚበላ ሰው ከእኛ ሌላ ያለ አይመስለኝም።

በርሜሉን የምትይዘው ባልደረባችን ቆፍጣናዋ ናት። ስሙን ያወጣንላት እኛው ነን፤ አጠገቡ ስልኩን አብርቶ የተገኘ ሰው ፕሮፌሰርም ቢሆን ጆሮውን ይዛ ታስወጣዋለች። እናቷን በቀበረች ማግስት ሥራ ገባች። አላለቀሰችም። «እንዴት ነሽ?» ስንላት «ደህና»፣ «ምሳስ?» ስንላት «በላሁ»። አልበላችም።

በዚያው ሰሞን፣ በራሳቸው ጊዜ አልፎ አልፎ የሚፈናቀሉት ኤሌክትሮኖች በድንገት በዙ። ፍለጋው ዘንድሮ ካልሆነለት ይዘጋል ተብለን ነበርና አለቃችን፣ ጡረታቸው የደረሰው ጋሼ፣ ጮቤ ረገጡ። ሁላችንም ተቃቀፍን። እሷን ሳቅፋት እንጨት ያቀፍኩ መሰለኝ።

ደስታው ስላልነካት ይሆናል፣ ከመካከላችን የተጠራጠረችው እሷ ብቻ ናት። ከበርሜሉ ጋር የተያያዘው የግፊት መለኪያ ውስጡ እንደ አምፖል ያለ የብረት ክር አለው፤ ክሩ ሲግል ያበራል። ሲሊከኑ ደግሞ ያችን ታህል ብርሃን እንኳ ስትነካው ኤሌክትሮን ይፈናቀልበታል። ስለዚህ ቆጠራ ሳይጀመር መለኪያው መጥፋት አለበት። አልጠፋም ነበር። ስታጠፋው ኤሌክትሮኖቹ ወደ ድሮው ቁጥራቸው ወረዱ።

ሄዳ ለጋሼ ነገረቻቸው። እኔም እዚያው ነበርኩ።

«ጋሼ፣ ጥቁር ቁስ አይደለም። የመለኪያው ብርሃን ነው። ከለቅሶ ወደ ሥራ የተመለስኩ ቀን ማጥፋቱን ረሳሁት።»

ጋሼ ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። ፊታቸው አመድ መሰለ። አንጀቴን በሉት፤ በእሷም ተናደድኩ፣ ምን እዋሻለሁ።

«አንቺ እኮ እንዲህ ያለ ነገር አያመልጥሽም» አሉ። «እናትሽን በቀበርሽ ማግስት ማን ነይ ብሎሽ ነው የመጣሽው?»

ሰዓት ተጠይቆ እንደሚናገር ሰው፣ ያለ ቂም መለሰች።

«እርስዎ ነዎት፣ ጋሼ። ከቀብር ስንመለስ ደወሉልኝ።»