ከክፍል አንድ ቀጥሎ ክፍል አሥር

ይህ ታሪክ ወረቀት ላይ መስፈር ይገባው እንደሆነ እጠራጠራለሁ። ያለው ነገር የአባቴ ዓይን፣ ስልኩና አሥራ ሁለት የድምፅ ፋይሎች ብቻ ነው።

አባቴ ሻንቶ ከተማ ውስጥ ያስተምር ነበር። እኔ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ፍሬሽማን በሆንኩበት ዓመት ዓይኑን ሞራ ጋርዶት ማንበብ አቆመ። የዶርም ጓደኛዬ፣ የቢጠና ከተማ ልጅ፣ በግቢው ዋይፋይ ፖድካስት ያወርዳል። የአንድ የጭነት መኪና ሾፌርን ሕይወት የሚተርከውን በብሉቱዝ ላከልኝ፤ እኔም ቅዳሜ ሻንቶ ወርጄ ወደ አባቴ ስልክ አሻገርኩት። አንዱንም ሳልሰማ፣ "መርጬ ነው ያመጣሁልህ" አልኩት።

በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጎረቤቶች በረንዳችን ላይ ተሰብስበው ሰሙ። በመጀመሪያው ክፍል ሾፌሩ ገና ረዳት ነው። በቀጣዩ ሦስት ልጆች አሉት።

"መምህር፣ ይሄ ሰውዬ መቼ አገባ?" አለች ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን።

"እሱን ለእኛ ትቶልናል" አለ አባቴ፤ ሠርጉንም ራሱ ተረከ። ሙሽራይቱን ከእኛው አገር ከሃላሌ አመጣት። መኪናው ጭቃ ውስጥ ገባ፤ ሚዜዎቹ ገፉ።

"በሱፋቸው?" አለች ልብስ ሰፊዋ።

"ኮታቸውን እኔ ያዝኩላቸው!"

ሁሉም ሳቁ። አባቴ እንደዚያ ደስ ብሎት ካየሁት ቆይቶ ነበር። ስልኩን ተቀብዬ ሳይ ግን ፋይሎቹ በስማቸው ተደርድረዋል፦ ከ1 ቀጥሎ 10፣ 11፣ 12፣ ከዚያ 2። ከሰዓት በኋላ ለብቻዬ ሰማሁት። ሠርጉ ክፍል አራት ላይ አለ፤ ሙሽራይቱም የድሬዳዋ ልጅ ናት። ጎረቤቶቹ እዚያ ሲደርሱ አባቴን ምን ሊሉት ነው?

"አባዬ፣ ሳልሰማ ነው የሰጠሁህ። ቅደም ተከተሉም ተዛብቷል።"

"ተማሪዎቼን የማታውቁትን አናውቅም በሉ እል ነበር" አለ አባቴ። "የሚመጣው እሑድ እኔው እነግራቸዋለሁ።"

እሑድ ነገራቸው። ልብስ ሰፊዋ ግን፣ "የስልኩን ሠርግ እንሰማለን፤ መጀመሪያ የእርስዎን ይጨርሱልን" አለችው።

ከዚያ ወዲህ ከእያንዳንዱ ክፍል በፊት አባቴ የራሱን ግምት ይተርካል፤ ቀጥሎ ስልኩ ይከፈታል። እኔ የእሱን ትረካ በስልኬ ቀድቼ ሶዶ እወስዳለሁ። ጓደኛዬም ፖድካስቱን ትቶ፣ "የአባትህን ላክልኝ" ይለኝ ጀመር።

አባቴ ዓይኑን ታክሞ ፋሻው በተነሳ በመጀመሪያው እሑድ በረንዳው ላይ መጽሐፍ ይዞ ወጣ፤ ተቀምጦም ለራሱ ያነብ ጀመር። ጎረቤቶቹ ትረካውን ጥቂት ጠብቀው ወደየቤታቸው ሄዱ። ሚያዝያ 14 ቀን 2010 ዓ.ም. ነበር።