ራቅ ብለሽ ተከተይኝ

ዛሬ ጠዋት ጅግጅጋ ውስጥ በአንድ ብረታ ብረት ቤት በኩል ሳልፍ ዝናብ ያረጠበው የዛገ ብረት ሸተተኝና እግሬ ቀጥ አለ።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። የጂኦግራፊ አስተማሪ የነበረው አባቴ ካርታና ኮምፓስ ሊያስተምረኝ ካራማራ ይዞኝ ወጣ። ከአስፋልቱ ፈንጠር ብሎ ከድሮ ጦርነት የቀረ የዛገ ታንክ ነበር። አባዬ ካርታውን ታንኩ ላይ ዘርግቶ ኮምፓሱን አስቀመጠበት።

"መርፌዋ ወደ ሰሜን ታያለች፤ አትዋሽም" አለኝ።

በእሷ ተማምነን ዱር ለዱር ወረድን። ብዙም ሳንቆይ ጭጋግ ዋጠን። አባዬ ኮምፓሱን እንደገና ሲያየው መርፌዋ ሌላ አቅጣጫ ይዛለች።

"ወይኔ! ያኔ የታንኩ ብረት ስቧት ነው" አለ። ዞር ሲል ከኋላችን ቀይ ቀለም የተቀቡ ድንጋዮች ተደርድረዋል። ሳናያቸው አልፈናቸው ነበር። ፊቱ አመድ መሰለ።

"በዱካችን እንመለሳለን" ብሎ ቀደመኝ። እጁን ልይዝ ስጠጋ ጮኸብኝ። ጮኾብኝ አያውቅም።

"አትጠጊኝ! ራቅ ብለሽ ተከተይኝ! እኔ የረገጥኩትን ብቻ ርገጪ!"

ጀርባው ጭጋጉ ውስጥ ሲጠፋ ጥሎኝ የሚሄድ መሰለኝ። እያለቀስኩ ዱካው ላይ ረገጥኩ። አስፋልቱ ላይ ስንወጣ ሊያቅፈኝ እጁን ዘረጋ፤ አኩርፌ ሸሸሁት።

ቀይ ድንጋይ የፈንጂ ምልክት መሆኑን ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው። ያ ርቀት የገባኝም ያኔ ነው።

ብረታ ብረት ቤቱ በር ላይ ቆሜ ደወልኩለት።

"ምነው፣ በሰላም ነው?" አለኝ።

"በሰላም ነው አባዬ" አልኩት። "ስመጣ አቅፍሃለሁ።"