ሮቢን ያሻገርኩ ለት

«ጀምበር ሳትጠልቅ ሮቢ ወንዝን ተሻገሩና ካራቆሬ አጠገብ ካለው ጦር ተቀላቀሉ» አሉን አለቃችን። ጣልያን ሸዋ ሮቢት ላይ ሰፍሮ ሳለ ነው። እኛ ሃያ ሁለት አርበኞች ነበርን። እኔና ሁሴን የወንዙ ዳር ልጆች ስለሆንን አገሩን እናውቀዋለን፤ መንገድ መሪው ግን እኔ ነበርኩ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወንዙ ዳር ደረስን። ውሃው ከቁርጭምጭሚት አያልፍም። ከኋላችን መትረየስ ይንጣጣል፤ ጥይት አሸዋውን ያቦነዋል። ጥቂት አመነታሁ። ሁሴን «ምን ትገተራለህ፣ ሚዜ ነው የምትጠብቀው?» አለኝ። ሳቅን። ከበላያችን ሰማዩ ጥርት ብሏል። ወንዙ ወደሚመጣበት ወደ ጣርማ በር ግን ቀና ብዬ አላየሁም። ደጋው ላይ ሲዘንብ፣ እኛ ፀሐይ እየሞቅን ደራሽ ጎርፍ እንደሚመጣብን የቆላ ሰው ሁሉ ያውቃል። «ግቡ!» አልኩ።

እኩሌታችን እንደተሻገርን ድምፁ መጣ። ድንጋይ ያንከባልላል። ወዲያው ውሃው ደረታችን ደረሰ። አሥራ ዘጠኛችን ወጣን።

ከዚያ ወዲህ ለራሴ ጠላት ሆንኩ። ጓዶቼ ሲበሉ ፈንጠር ብዬ እቀመጣለሁ፤ ሲበርደኝ ጋቢ አልደርብም። «ተው አንተ ሰው» ቢሉኝ አልሰማም። ጣልያን ከወጣ በኋላ፣ ነፍስ ያጠፋ ሰው ለእርቅ ሲሄድ እንደሚያደርገው፣ ድንጋይ በማጅራቴ ተሸክሜ የሁሴን አባት ዘንድ ሄድኩ። ጋሽ ሰይድ ማሽላቸውን ከወፍ ይጠብቁ ነበር። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው።

«አውርደው» አሉኝ።

«አባባ፣ የገደልኩት እኔ ነኝ።»

«ሁሴንስ የዚሁ ወንዝ ልጅ አይደል? እሱስ ለምን ቀና ብሎ አላየም? በል እንግዲህ፣ እሱንም ስደበው!»

«ኧረ ምን በወጣው!»

«ታዲያ በሱ ያልጨከንክ በራስህ ላይ ምን አስጨከነህ? ወላሂ፣ እኔም ሰባ ዓመት እዚህ ኖሬ አምና በጎርፍ ሁለት በሬ አስወስጃለሁ። እኔንስ ድንጋይ ልታሸክመኝ ነው?»

ድንጋዩን ከአንገቴ አንስተው መሬት ላይ አኖሩት። «ቁጭ በልበት፤ እሸት ልጥበስልህ» አሉኝ። ተቀመጥኩና አለቀስኩ። እሳቸውም እሳቱን እያራገቡ አለቀሱ።

ነገሩ በአንድ ቀን አልለቀቀኝም፤ ዓመታት ፈጅቷል። እናንተ ልጆች ስለዚያ ቀን ከጠየቃችሁኝ፣ የሞቱት ሦስት ናቸው፤ ሁሴን፣ ተክሌና ይመር። የተክሌ ሬሳ አልተገኘም። መንገድ መሪው ደግሞ ሃያ ዓመቱ ነበር። ዛሬ ለሱም አዝንለታለሁ።