ከዳንግላ የሚፈጥን ፈረስ

ዳንግላ ውስጥ የእንግሊዝኛ ጥናት ክፍላችን በፈረስ ምክንያት ተበተነ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ደርሶ ነበር። እኔ ጋሪ እየነዳሁ ነበር የምማረው፤ ከዚያ ክፍል ሌላ በነጻ የሚያስጠናኝ አልነበረም።

መምህራችን የእንጅባራ ሰው ነው። በእንግሊዝኛ «የእንጅባራ ፈረስ ከዳንግላ ይፈጥናል» ብሎ ጻፈና ስህተቱን ጠየቀን። ስህተቱ ፈረስን ከከተማ ጋር ማወዳደሩ ነበር። ይህንኑ ልናገር ስል አንዲት የዳንግላ ልጅ ቀደመችኝ።

«ስህተቱማ ውሸት መሆኑ ነው፣ ቲቸር!»

ክፍሉ አጨበጨበ።

«ፈተናው የፈረሱን እውነት አይጠይቃችሁም» አለ መምህሩ።

«እንጅባራ ፈረስ ስለሌለ ይሆናላ!» አለች ልጅቷ።

መምህሩ ጠመኔውን አስቀመጠና ወደ እኔ ዞረ።

«ፈረስህን ከጋሪው ፍታልኝ።»

«ትምህርቱስ፣ ቲቸር?»

«አሁን እንመለሳለን!»

እምቢ ማለት አልቻልኩም፤ ፈታሁለት። ልጅቷም ለእሽቅድምድሙ ከጎረቤት ሌላ ፈረስ አስመጣች። ተማሪው ሁሉ እልል እያለ ወደ ሜዳው ጎረፈ።

«ሁለቱም ፈረሶች እኮ የዳንግላ ናቸው!» ብዬ ብጮህ ማን ይስማኝ።

ይመለሳሉ ብዬ ደብተሬን ገልጬ ተቀመጥኩ። ሲመሽ ክፍሉ ውስጥ የቀረሁት እኔ ብቻ ነበርኩ።