ብርድ ያፈንኩበት ቀን

ጠዋት ላቦራቶሪው ውስጥ ያ ትልቅ የብረት ጋን ሲያፏጭ ሰማሁና ቫልቩን ጥርቅም አድርጌ ዘጋሁት። እንደ ማድቤት ሲሊንደር የሚያፈስ መስሎኝ ነው። ደረቴን ነፍቼም ምስጋና ጠበቅሁ።

ዘጠናዎቹ እንደገቡ ነው፤ ዶሃ ውስጥ በአንድ ኮሌጅ ለሚያስተምሩ ሱዳናዊት የፊዚክስ ምሁር ሾፌር ነበርኩ፤ «ዶክቶራ» ነው የምላቸው። ጋኑ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ሂሊየም ነው፤ በስንት ልመና በአውሮፕላን የሚመጣ ብርድ። ዶክቶራ የሩዝ ፍሬ የምታህል ክሪስታል በእሱ ያቀዘቅዙና ሙቀት በውስጧ እንዴት እንደሚጓዝ ይለካሉ። ማግኔት ሲበራ ሙቀቱ ወደ ጎን ያጋድል እንደሆነ ማየት ፈልገው ነው።

«ሙቀት ለማየት ብርድ ያስመጣሉ? ደጅ ሞልቶ የለም?» ብያቸው አውቃለሁ።

«ያ ዓሚ፣ ማን ዘጋው?» አሉ ሲገቡ፤ አጎቴ ማለታቸው ነው።

«እኔ። እንዳያልቅብዎ ብዬ።»

«ካልተነፈሰ እኮ ይፈነዳል።»

ቀስ ብለው ሲከፍቱት ነጭ ጉም ቡልቅ አለ። ጉሙ ሳይበተን እኔ ኮሪደሩን ጨርሼ ነበር። ስመለስ መለኪያውን እያዩ ነው።

«ይህን ያህል በአንዴ ስለወጣ፣ እስከ ማታ የሚበቃው ቀትርን አይሻገርም። አሁኑኑ ካልለካሁ የወራት ሥራዬ ኸላስ፣ አለቀ።»

ችግሩ መኪና ነው። ከግድግዳው ወዲያ ማቆሚያ አለ፤ ያ ሁሉ ብረት ሲያልፍ ልኬቱ ይዛባል። ለዚህ ነው ዘወትር ማታ ሰው ሲወጣ የሚለኩት። አሁን መኪና የሚያግድ ሰው ተፈለገ፤ ማን እንደሆነ ግልጽ ነው።

በሰኔ ፀሐይ ካርቶን ደፍቼ አስፋልቱ መሃል ቆምኩ። በእኔ ውስጥ ሙቀት ሳያጋድል ነው የሚጓዘው፤ በጫማዬ ገብቶ በመላጣዬ ይወጣል።

አንድ ባለ ላንድክሩዘር መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ለምን እንደማግደው ጠየቀኝ።

«ውስጥ ሙቀት እየሄደ ነው፤ እንዳይረበሽ።»

ፀሐይዋን አየ፤ እኔን አየ። «ሂድ ውሃ ጠጣ» ብሎ ተመለሰ።

ካርቶኑን አስፋልቱ ላይ አንጥፌ ስቀመጥ የበሩ ዘበኛ፣ አብሮኝ የሚያድር የጎንደር ልጅ፣ መጣ።

«ጋሼ፣ ግባ። ሬሳህን አገር ቤት የሚሸኝ ስፖንሰር የለህም። የቀረውን እኔ እቆምልሃለሁ፤ ግን ብድር ነው።»

ስገባ ዶክቶራ ስክሪኑ ላይ ተደፍተዋል። ማግኔቱን ገለበጡት፤ የልኬቱ መስመርም ወደ ሌላው ጎን ዞረ።

«አጋደለ፣ ያ ዓሚ» አሉ በሹክሹክታ። ሂሊየሙ ወዲያው አለቀ። ሙቀት እንኳ የሚገፋው ሲያገኝ ከመንገድ እንደሚወጣ ሳይ፣ ስለ ሾፌርነቴ ተጽናናሁ።

ዘበኛው ግን አልማረኝም። በጥር ልቁምልህ ስለው፣ «የወሰድከው የሰኔ ፀሐይ ነው፤ በጥር አይመለስም» አለ። ይኸው እስከ ዛሬ አንድ የሰኔ ቀትር አለብኝ።