የተጸዳው በገና

አባቴ ሰውአገኝ ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው ጫማ ጠብቋል። ላሊበላ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ቱሪስቱ ጫማውን ሲያወልቅ አንሥቶ ግራውን ከቀኙ አጣምሮ ያሰልፋል፤ ሰውየው ጎብኝቶ ሲወጣ ደግሞ አዙሮ እግሩ ሥር ያቀርብለታል። በቀን ስንት ጊዜ እንደሚያጎነብስ እግዜር ይወቀው። ወደ ቤት ሲመለስ ወገቡ እስኪቃና ድረስ ደጃፍ ላይ ይቆማል፣ እኔም እራቱ ቀዘቀዘ ብዬ እጮህበታለሁ። ቁጣው ከእናቴ የወረስኩት ነው፤ ሌላ የረባ ነገርም አልተወችልኝም።

አገሩ ስሙን ትቶ «አያ ቴሌቪዥን» ይለው ነበር። በወጣትነቱ፣ በጃንሆይ ዘመን መጨረሻ፣ አዲስ አበባ ሄዶ ቫዮሊንና መለከት ከማሲንቆና ከዋሽንት ጋር በሚጫወቱበት ትልቅ ኦርኬስትራ ውስጥ በገና ደርዳሪ ሆኖ፣ በቴሌቪዥንም ታይቶ እንደነበር ስለተናገረ ነው። ያን ጊዜ ላሊበላ እንኳን ቴሌቪዥን መብራትም አልነበረ። ያየው ሰው የለም። እሱ ራሱም አላየውም፤ የሚጫወት ሰው ራሱን ከየት ያያል?

ከዚያ አብዮቱ መጣ፣ ኦርኬስትራው ተበተነ፣ በገናው የመሥሪያ ቤቱ ንብረት ስለነበር ተቆለፈበት። አባቴ ባዶ እጁን ላስታ ገባ። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ደግሞ ለእርዳታ ስንዴ ብሎ እርከን ሲሠራ የግራ እጁን ሁለት ጣቶች ድንጋይ ቀጠቀጣቸው። በገና የሚደረደረው በግራ እጅ ነው። በገና የሌለው፣ ጣቱም የተሰበረ በገና ደርዳሪ ማን ያምናል? እናቴ የሺሃረግ ብቻ ታምነው ነበር፤ እሷም ስለምትወደው እንጂ ማስረጃ አግኝታ አይደለም። ሳትሰማው ሞተች።

እኔ አላመንኩትም። ይህን ስናገር አላፍርም ብል ውሸት ነው። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለሁ ትምህርት ቤት «የቴሌቪዥን ልጅ» ያለችኝን ልጅ ጸጉሯን ነጭቼ፣ እኔም ተቧጭሬ ቤት ገባሁና፣ «ሁለተኛ ይህን ተረትህን ለሰው እንዳታወራ!» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ፤ «እሽ» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አላወራም። ሰው ሲቀልድበት እንኳ ይስቃል እንጂ አይመልስም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ እናቴን የቀበርን ሰሞን፣ «አልጣሽ፣ አንድ ቀን ብትሰሚኝ ኖሮ ሌላ ነገር አልፈልግም ነበር» አለኝ። እኔ እንጨት ልፈልጥ ወጣሁ።

በዘጠና ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት፣ አገሩ ለሚሌኒየም ሽር ጉድ በሚልበት ዓመት፣ በዐቢይ ጾም አጋማሽ አንድ መነጽር ያደረገ ወጣት ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ መጣ። በእውቀቱ ይባላል። አዲስ አበባ ያረጁ የቴሌቪዥን ቅጂዎችን የሚያድስ ነው፤ ለሚሌኒየሙ እንዲታዩ የድሮ የኦርኬስትራ ኮንሰርቶችን ከመጋዘን አውጥቶ ሲያጸዳ ከርሟል። ጫማውን አውልቆ ለአባቴ እየሰጠ፣

«አባት፣ ሰውአገኝ የሚባሉ የበገና ሰው ያውቃሉ? አንድ የድሮ ቴፕ ላይ ስማቸው ተጽፏል፣ የላስታ ሰው ናቸው ይላል» አለው።

አባቴ ጫማውን ከሰልፉ አስገባ። «እኔ ነኝ» አለ። «ክሩን ፍታው እንጅ ልጀ፤ ሳትፈታ እያወለቅህ ተረከዙን ገደልኸው።»

እኔ የማጥበው የሆቴል አንሶላ ነው። የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ እንግዶቹ ለጉብኝት በወጡበት ሰዓት ልጁ ያመጣውን ቅጂ እንድናይ የሳሎኑን ቴሌቪዥን ፈቀደልን። ወሬው ከእኛ ቀድሞ ደረሰ። መሪጌታ ወልደ ኪዳን ሳይቀሩ መጡ፤ ጫማቸውን ባስጠበቁ ቁጥር «አያ ቴሌቪዥን፣ አንቴናህን ወደ ጫማዬ አዙርልኝ!» የሚሉት እሳቸው ናቸው። አባቴ የእናቴ ተዝካር ላይ የለበሰውን ጋቢ ለብሶ መጣ። ከፊት ወንበር ሰጡት፤ ጆሮዬን ወደ ድምፁ ላድርግ ብሎ ወደ ጎን ዞሮ ተቀመጠ።

በእውቀቱ ዲስኩን አስገባ። ጥቁርና ነጭ ነው፣ ግን ጥርት ያለ። ቫዮሊኖቹ ተደርድረዋል፣ መሪው ጀርባውን ሰጥቶ ዘንጉን ያወዛውዛል። ከዚያ ሁሉም ጸጥ አሉ፤ ካሜራው ከመሐል ወደተቀመጠ አንድ ነጭ የለበሰ ወጣት ቀረበ። በገናው ከራሱ በላይ ይረዝማል። አፍንጫው የእኔ አፍንጫ ነው። አገጩ ላይ ያለችው ጠባሳ እንኳ አለች። ሳሎኑ በእልልታ ተናጋ። መሪጌታ ተነሥተው የአባቴን ትከሻ ያዙና፣ «ሰውአገኝ፣ በድየሃለሁ፤ ስለ ማርያም ይቅር በለኝ!» አሉ። እኔ አለቀስኩ። እውነት ለመናገር ከደስታዬ ይልቅ ያ «ተረትህን» ያልኩት ቃል ነው ያስለቀሰኝ።

አባቴ ግን አላየም። ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። ፊቱ ቀስ እያለ ጠቆረ።

«ይኸ እኔ አይደለሁም» አለ።

«ኧረ አያ! ፊትህ አይደለም እንዴ?» አሉት የተሰበሰቡት።

«ፊቱማ የእኔ ነው። ድምፁ የማነው?»

እኔም ያን ጊዜ ነው ጆሮዬን የሰጠሁት። ጭር ጭር የሚል የቀጠነ ድምፅ ነው፤ ልጅ ቆርቆሮ ላይ ገመድ ወጥሮ የሚመታው ዓይነት። ወጣቱ በእውቀቱ አልገባውም፤ እንዲያውም ኮራ ብሎ፣ «ቴፑ በጣም ተበላሽቶ ነበር። እርስዎ የሚጫወቱበት ቦታ ላይ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ዝዝ የሚል ነገር ነበረበት። እሱን ብቻ ለማጥፋት ሁለት ወር ፈጅቶብኛል» አለ።

ሳሎኑ ውስጥ ያለው ቄስና ዲያቆን ሁሉ እርስ በርሱ ተያየ። በገና የሚያውቅ ሰው ምን እንደተደረገ ወዲያው ገብቶታል። በገና ዝዝ የሚለው በእንዚራው ነው። እንዚራ ከየጅማቱ ሥር የምትገባ ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ናት፤ ጅማቱ ሲመታ እሷን እየነካ እንደ ንብ ቀፎ ያጉረመርማል። እሷ ከሌለች በገና የለም፣ ከሳጥን ላይ የታሰረ ገመድ ነው ያለው። አባቴ በቀረጻው ዕለት የኦርኬስትራው መሪ ሰዓቱን እያየ ሲቆጣ፣ አሥሩን እንዚራ አንድ በአንድ ሲያስተካክል ግማሽ ቀን ፈጅቶበት ነበር።

መሪጌታ ይህን ሁሉ ለልጁ ነገሩት። መነጽሩን አወለቀ። «ቴፑስ?» አልኩት፤ ቁጣዬ መጥቶብኛል። ቴፑ ለመጨረሻ ጊዜ ሲዞር ድምፁን የያዘው ልጣጩ ረግፏል አለኝ። ከኮምፒውተሩስ? ቦታ ስላነሰው ያልጸዳውን ደምስሶታል። እጄን አንሥቼ ነበር፤ ምን ላደርግበት እንደሆነ አላውቅም።

አባቴ ያዘኝ። «ተይው። አዲስ አበባ ተወልዶ በገና የት ይስማ?» አለና ወደ ልጁ ዞሮ፣ «አይዞህ ልጀ፣ ዝንብ ገባበት ብለህ ነው» አለው። ሰው ሳቀ፤ ከዚያ እያመሰገኑ፣ እየመረቁ፣ አንድ በአንድ ወጡ። ለእነሱ ነገሩ አልቋል። አባቴ ውሸታም አለመሆኑን አይተዋል።

«አባዬ፣ እኔም እኮ አመንኩህ» አልኩት። «አየሁህ።»

«አየሽኝ እንጅ መች ሰማሽኝ» አለ። ድምፁ ውስጥ ቁጣ የለም፤ ብትፈልጉም አታገኙም። እንደዚያ ደክሞት አይቼው አላውቅም፤ ያ ሁሉ ጫማ በአንድ ቀን የተጫነው መሰለኝ።

ከዚያ በእውቀቱን፣ «ድምፁን ዝጋና እንደገና ከመጀመሪያ አድርገው» አለው።

ምስሉ ያለ ድምፅ ተጀመረ። ያ ወጣት ጣቶቹን ወደ ጅማቶቹ ሰደደ። አባቴም የግራ እጁን ጉልበቱ ላይ አኖረ፤ ሦስቱ ጣቶች ተነሡ፣ ሁለቱ እንደቆለመሙ ቀሩ። ከደረቱ ሥር ዝዝ የሚል ነገር ወጣ። ከንፈሩ ገጥሟል፣ ጉሮሮው ብቻ ይንቀጠቀጣል። የወጣቱ ጣት ሲወርድ ይወርዳል፣ ሲያርፍ ያርፋል፤ ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ አንዷም ምት አልጠፋችውም። በውስጡ የመዝሙሩን ቃል ይላል፣ ሞትን፣ አፈርን፣ የሰው ልጅ ከንቱነትን። የተቀመጥኩበት ወንበር የተነቃነቀ መሰለኝ። ሰማሁት። ሠላሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ አባቴን ሰማሁት።

መሐል ላይ ሳል ያዘው። ያ ወጣት ግን አልጠበቀውም፤ ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለ ድምፅ ብቻውን መደርደሩን ቀጠለ። አባቴ እጁን አንሥቶ ጣቶቹን እያሳየኝ ያስላል። እኔ እንድቀጥልለት ነው የፈለገው። ከንፈሬን ገጥሜ ዝዝ አልኩ።

ደረቱን እንደያዘ ራሱን ነቀነቀ። «ዝቅ አርጊው» አለኝ። ዝቅ አደረግሁት።

«አሁንም አልሆነም» አለ። «ቢሆንም አታቋርጭ።»