አንዴ ብቻ የተለመነው አባቴ

አንድ ሰው «በፍጹም!» ሲል በሰማሁ ቁጥር የቡሬው ትምህርት ቤታችን ጠመኔ ይሸተኛል። ዘመኑ የጃንሆይ ነው። ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ። እንግሊዝኛ የምታስተምረን ከባሕር ማዶ የመጣች ቀጭን ረጅም ሴት ነበረች፤ «ሚስ» ነበር የምንላት። አማርኛውንም ታንበለብለው ነበር፤ ወጉ ግን ከቋንቋው ጋር አብሮ አይለመድም።

አንድ ሰሞን እምቢ ማለትን አስተማረችን። ባዶ «ኖ» ብቻውን አይበቃም፣ ማጠንከሪያ ይፈልጋል አለች። «ኖት አት ኦል!» «ሰርተንሊ ኖት!» ከሁሉም የከበደው «አብሶሉትሊ ኖት!»፣ የእኛው «በፍጹም!» ነበር። ይኼን ያለ ሰው በሩን ዘጋ ማለት ነው፣ ደግሞ መጠየቅ ነውር ነው ብላ ጠረጴዛውን በመዳፏ ጠፍ ታደርገዋለች። እኛማ ምን ቸገረን! በእረፍት ሰዓት ባሕር ዛፉ ሥር የሽምብራ እሸት እየተሰጣጣን «አብሶሉትሊ ኖት!» እየተባባልን በሳቅ እንፈርስ ነበር። ወዲያው ደግሞ እሸቱን ተቀብለን እንበላዋለን።

ምክንያቱም እኛ ዘንድ እምቢታ የጨዋ ደንብ ነበር። እንግዳ ብላ ሲባል «ጠግቤያለሁ» ይላል። «በሞቴ!» ሲሉት «ኧረ በፍጹም፣ አሁን በልቼ ነው የመጣሁ» ይላል። «አፈር ስሆን!» ሲሉት እጁን ይታጠባል። በመጀመሪያው ጥሪ ዘሎ የቀረበ ሰው ወሬው ገበያ ይደርሳል። የሚሰጠው ነገር ትልቅ ሲሆን ደግሞ እምቢታውም አብሮ ይተልቃል።

ዓመቱ ሲያልቅ ሚስ ወደ ፍኖተ ሰላም ተዛወረች። እኔም ዘጠነኛ ክፍል ለመግባት እዚያው መሄድ ነበረብኝ፤ ግን ዘመድ የለን፣ ሴት ልጅ ብቻዋን ቤት አትከራይ። በቃ ትምህርቴ እዚህ ላይ አለቀ ብዬ ስብሰለሰል፣ አንድ እሑድ ሚስ ቤታችን መጣች። እናቴ ጠላ ቀዳችላት። እኔ ጓዳው በር ላይ ቆሜ አዳምጣለሁ።

«አቶ ጓንጉል፣ ጥሩወርቅ እኔ ጋ ትኑር። እኔ ላስተምራት» አለችው አባቴን።

የአባቴ ፊት ሲበራ አየሁት። ጋቢውን አስተካከለና «ኧረ በፍጹም እሜቴ! እርስዎን የሚያህል ሰው በልጅ ላስቸግር? በፍጹም አይሆንም!» አላት።

ሚስ የጠላ ዋንጫዋን አስቀመጠች። እኔ በልቤ «በሞቴ በይው፣ ኧረ በሞቴ በይው» እላለሁ። በዚያ ጊዜ ልጅ በአዋቂ ጨዋታ መሐል አፉን አይከፍትም።

«ገባኝ። ውሳኔዎን አከብራለሁ» አለች። ጠላዋን ጨርሳ፣ እጅ ነስታ ሄደች።

አባቴ ግራ ገባው። «ትመለሳለች፤ እንዲህ ያለ ትልቅ ነገር በአንድ ቃል ያልቃል እንዴ?» አለ። ሽማግሌ ይዛ ትመጣለች ብሎ እናቴን ጠላ አስጠነሰሳት። ጠላው ደረሰ፣ ቆይቶም ሆመጠጠ፤ ሚስ ግን አልመጣችም። መስከረም ሲጠባ አብረውኝ የተማሩት ወንዶች ሣጥናቸውን ጭነት መኪና ላይ ጭነው ሲሄዱ መንገድ ዳር ቆሜ አየኋቸው። በጥር ተዳርኩ። አባቴ እስኪሞት ድረስ «ምነው አንዴ እንኳ ብትደግመኝ» እንዳለ ኖረ። አልተቀየምኩትም። ግን አንጀቴን አቃጠለኝ፤ ዛሬም ያቃጥለኛል።

አሁን ጉልበቴም ወገቤም ከድቶኛል፣ ቤቱም ጭር ብሏል። የዛሬ ልጆች እሺታቸውም እምቢታቸውም አንዴ ነው፤ አይፈረድባቸውም፣ እንዲያውም ሳይሻል አይቀርም። ትናንት የልጅ ልጄ ሰላም ከባሕር ዳር ደውላ «እማማ፣ ከእንግዲህ ብቻሽን መኖሩ ይብቃሽ። መጥተሽ እኔ ጋ ኑሪ» አለችኝ። ደስ አለኝ። አፌ ግን ቀደመኝ።

«ኧረ በፍጹም! አንቺን ደግሞ ላስቸግር?»

«እሺ እማማ፣ እንዳልሽ» ብላ ዘጋችው።

ስልኩን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ልክ እንደ አባቴ ጠበቅኩ። ቢጠብቁት ቢጠብቁት አይጮኽም። ኋላ ታከተኝ፤ ለወጉ የሚሆን ጉልበት ከየት ይምጣ? ራሴው መልሼ ደወልኩ።

«ሰላምዬ» አልኳት፤ «እስቲ በሞቴ፣ አንዴ ደግመሽ ለምኚኝ።»